የአያ ጅቦ በቆሎና ሰባቱ በሬዎች

አያ ጅቦ እመት ጦጢትን በደላት፤ ቤቷን ዛፍ በዛፍ ቆርጦ ሸጠባት። ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ በረቱ ኋላ ይመጣል።

ጫካው የአውሬው ሁሉ ነበር፤ መቁረጥም በአንበሳ አዋጅ ክልክል። ጅቦ ግን መጥረቢያን አስከትሎ ገባ፤ ወፍራሙን ጣውላ፣ ቀጭኑን ከሰል አድርጎ ቸበቸበው።

«ጌታው፣» አለ መጥረቢያ፣ «አንበሳ ይህን ሁሉ ገንዘብ ከየት አመጣኸው ቢልህስ?»

«ከበቆሎ እላለኋ። አንድ እፍኝ በትንልኝ።»

አንድ እፍኝ ተበተነ። ያረመው የለም፣ የኮተኮተው የለም። በጉቶ መሀል ምን ሊበቅል፤ አልበቀለም።

በመጀመሪያው ዓመት ጅቦ ሁለት በሬ ገዛ። ጅብ በሬ ገዝቶ ሳይበላው ሲያሳድር ማን አይቶ ያውቃል? አንበሳ ጠየቀ፤

«አያ ጅቦ፣ ከየት መጡ?»

«ከበቆሎዬ፣ ጃንሆይ።»

«ጃንሆይ፣ ጫካው እኮ...» ስትል ጦጢት፣

«ዝም በይ፣ አንቺ የማሳ ሌባ» አላት ጅቦ። አውሬው ሳቀ።

በሁለተኛው ዓመት በሬዎቹ አምስት ሆኑ።

«ከየት?»

«ከበቆሎዬ።»

«ጃንሆይ፣ ጫካው...»

«ዝም በይ፣ አንቺ የማሳ ሌባ።»

አውሬው ይባስ ብሎ ሳቀ፤ ጅቦ ሙዳ ሥጋ ሲያቀምሰው ሰንብቶ የለ።

በሦስተኛው ዓመት ሰባት ሆኑ። ከጫካው ጦጢት ልጇን አዝላ የተጠጋችበት አንድ ዝግባ ብቻ ቀረ። ጅቦ ሸንጎ ቀርቦ አቤት አለ፤ «ጃንሆይ፣ ይህ ዛፍ በቆሎዬ ላይ አጠላበት። ይፈቀድልኝና ልቁረጠው።»

«ምስክር አለህ?»

«እኔ አለሁ» አለ መጥረቢያ። «በቆሎው በቁመት እኔን ይበልጣል።»

«እኔም አለሁ» አለ ጆንያ። «ሦስት ዓመት የተሸከምኩት በቆሎ ነው።» ሲናገር የከሰል ብናኝ ከአፉ ቦነነ፤ አንበሳን ሁለቴ አስነጠሰው።

ጦጢት ተነሳች።

«ዝም በይ፣ አንቺ የማሳ ሌባ» አለ ጅቦ።

በዚህ ጊዜ ግን ዝም አላለችም። ያ ዝግባ ዛሬም ቆሟል፤ በሬዎቹ ተወርሰዋል፤ ጅቦም በቆሎ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ይህን ሁሉ ያመጣው የጦጢት አፍ ነው። ያለችውም ይኸው፦

«እውነቱን ነው ጃንሆይ፣ ሌባ ነኝ። ከወንዙ እስከ ጋራው ያልሰረቅሁት ማሳ የለም፤ ባለቤቶቹ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ይመስክሩብኝ። ከአያ ጅቦ ማሳ ግን፣ ከላዩ እየተኛሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት እሸት አላገኘሁም። ለአንዲት ጦጣ እራት ያልበቃ ማሳ፣ ለሰባት በሬ ከየት በቃ?»