ሹፌሩና ፊት ለፊት የመጣችው ሄሊኮፕተር

«አንድ ሹፌር ነበረ» አሉ መምህር ሽብሩ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ።

ጥያቄውን ይዞ የመጣው ወንድይፍራው ነው። በልጅነቱ ሒሳብ አስተምረውታል፤ አሁን እሱ ራሱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አባት ሆኗል። ልጁ ማራኪ የነርስነት ትምህርቷን በሁለተኛው ዓመት አቋርጣ ብየዳ ልትማር ገብታለች። ጮኸባት። ለመናት። ዘመድ ሰበሰበባት። እሷም አንድ ቤት እየኖሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም።

«ትንሽ ሳለች በዓይኔ ብቻ የምትመለስ ልጅ ነበረች፣ የኔታ» አላቸው። «አሁን ቀኝ ስላት ግራ ነው። አጥብቄ በሳብኳት ቁጥር ይብስባታል። ምን ላድርጋት?»

መምህር ሽብሩ ምክር አልሰጡትም። ይህን ነገሩት።

ሹፌሩ ሠላሳ አራት ዓመት ተሳቢ መኪና ነድቷል። ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ጭቃውን ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድም ቀን አልገለበጠም። ጡረታ ሲወጣ የመጀመሪያውን ወር ተኝቶ ጠገበ። በሁለተኛው ወር እጆቹ ሥራ ፈቱ። ምሳ ቀርቦ እንኳ የሌለ መሪ ያዞሩ ጀመር። ሚስቱ «እባክህ የሆነ ነገር ፈልግ፤ አለዚያ እኔኑ ልትነዳኝ ነው» አለችው።

ከከተማው ዳር አውሮፕላን ማረፍ ያቆመበት አሮጌ ሜዳ ነበረ። አንድ እሑድ በዚያ ሲያልፍ ጥቂት ሰዎች ትናንሽ ሄሊኮፕተሮችን በሪሞት ሲያበሩ አየ። የሕፃን መጫወቻ አይደሉም፤ ክንድ የሚያህሉ፣ ክንፋቸው ሲሽከረከር ሣሩን የሚያስተኙ ናቸው። አንዷ ተነሥታ በሰው ቁመት ልክ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደፊትም አልሄደች፣ ወደኋላም አላለች። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ ነገር ሲያስኬድ ኖሯል፤ አየር ላይ እንዲህ ረግቶ የቆመ ነገር ግን አይቶ አያውቅም። ጉዳዩን ረስቶ እዚያው ቀረ።

ሄሊኮፕተሯን የምታበረው አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበረች።

«ይህን ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ሲል ጠየቃት።

«እንደ ሰዉ ነው ጋሼ። ሥራዎ ምን ነበር?»

«ተሳቢ ስነዳ ነው የኖርኩት።»

«እንግዲያው ትንሽ ይቆይብዎታል» አለችው። ቀልድ መሰለው። ቀልድ አልነበረም።

የራሱን ገዛ። ሴትዮዋ፣ ሄሊኮፕተሯ ስትወድቅ እንዳትገለበጥ ብላ ከሄሊኮፕተሯ እግር ሥር ቀጫጭን ዘንጎች በመስቀለኛ አሰረችለት፤ ጫፋቸው ላይ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሶች ሰካችበት። መጀመሪያ ስንዝር ብቻ አንሥቶ ማስቀመጥ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ስንዝር። ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ የሰው ቁመት። ሁልጊዜም ጭራዋ ወደ እሱ፣ አፍንጫዋ ወደ ፊት ነው። እንዲያ ስትሆን ቀኙ ቀኟ ነው፣ ግራውም ግራዋ። ወደ ቀኝ ካዘነበለች የሪሞቱን ዘንግ በአውራ ጣቱ ወደ ግራ ነካ ያደርገዋል፤ ትቃናለች። በሦስተኛው ወር ባትሪዋ እስኪያልቅ አየር ላይ አቆማት። እቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «ታዘዘችልኝ!» አላት። እንደ ልጅ ነበር የተደሰተው።

በሚቀጥለው እሑድ ፊቷን ወደ እሱ አዞራት።

ጥቂት ወደ እሱ ቀኝ አዘነበለች። እንደ ለመደው ወደ ግራ ገፋ። ባሰባት። አጥብቆ ገፋ። በጎኗ ተምዘግዝጋ ሄዳ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች፤ ክንፏ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ክንፍ ቀይሮ እንደገና አነሣት፤ ያው ሆነ። በአምስት እሑድ አምስት ጊዜ ሰበራት። ሠላሳ አራት ዓመት ያልገለበጠ ሰው የተሰበረ ክንፉን በፌስታል ይዞ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ቤቱ መግባት ጀመረ፤ የድሮ ጓደኞቹ እንዳያዩት።

በስድስተኛው እሑድ ሄሊኮፕተሯን አምጥቶ ሴትዮዋ ፊት አስቀመጣት። «ይህች ነገር ተበላሽታለች» አላት። «ሽቦዋ ተቀያይሮ ነው። ግራ ስላት ቀኝ ትሄዳለች።»

ፈትታ አየቻት፤ አንድ በአንድ ፈተሸች። «ምንም አልሆነችም» አለችው። «ዞረች እንጂ አልተበላሸችም። ፊት ለፊት ስትሆኑ የእርስዎ ግራ የእሷ ቀኝ ነው።»

«ይህንንማ አውቃለሁ!»

«እርስዎ ያውቃሉ፤ ጣትዎ አላወቀም። እሷ ባዘነበለች ቁጥር ከዚያ ጎን ለማራቅ ይስቧታል። መሳቡን ይተዉት። ዘንጉን ወዳዘነበለችበት ይግፉት። ሊወድቅ ያለ አጥር ሲያዩ ምን ያደርጋሉ? በሚወድቅበት በኩል ዞረው ይደግፉት የለም? እንደዚያ ነው።»

«ወደ መውደቂያዋ ልግፋት?»

«ወደዚያው።»

ነገሩ ለጆሮ ቀላል ነበር፤ ለጣት ግን አልሆነም። ፈሪ ሰው ከሚፈራው ነገር ይሸሻል፤ እጅም እንደዚያው ነው። ሹፌሩ ግን መንገድ ያስተማረው አንድ ነገር ነበር፤ ዳገት በአንድ ማርሽ አይወጣም። እንደገና ከስንዝር ጀመረ። ፊቷን ወደ እሱ አድርጎ ስንዝር፣ ከዚያ ክንድ። ወደ ቀኝ ስታዘነብል ወደ ቀኝ፤ ወደ ግራ ስታዘነብል ወደ ግራ። አራት ወር ፈጀበት። አንዳንድ ቀን ሳያስብ ይሆንለታል፤ አንዳንድ ቀን የድሮ እጁ ይመለስበታል።

በዚህ መካከል ለከተማው አስተዳደር አቤቱታ ደረሰ። «እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ሰው ይጎዳሉ፤ ሜዳው ይዘጋ» የሚል ነበር። ሁለት ኃላፊዎች አይተው ሊወስኑ አንድ እሑድ ጠዋት መጡ። የሰፈሩም ሰው ወሬ ሰምቶ ወጣ፤ በገመድ ተከልሎ ከሚያበሩት በስተቀኝ ቆመ። ሴትዮዋ አበረረች፤ እንከን አልነበረውም። ሌሎቹም አበረሩ። ከኃላፊዎቹ አንዷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እናንተ የለመዳችሁ ናችሁ» አለች። «ጉዳት የሚመጣው ከጀማሪ ነው። በቅርብ የተማረ ሰው ያብርልንና እንይ።»

ሁሉም ዞረው ሹፌሩን አዩት።

እንቢ ቢል ሜዳው ይዘጋል፤ እሺ ብሎ ቢወድቅበትም ይዘጋል። ሪሞቱን አንሥቶ ወጣ። ሄሊኮፕተሯን አስነሣት፤ ጭራዋን ወደ እሱ አድርጋ ሜዳው ዳር እስከ ተተከለው ባንዲራ ሄደች። እዚያ አዞራትና ፊት ለፊት ወደ እሱ አመጣት። በደህና እየመጣች ነበር። መንገዷን አጋምሳ ስትደርስ ከጎን ነፋስ መታት። በእሱ ቀኝ በኩል ያለው ጎኗ ወረደ፤ ሰዉ ወደ ቆመበት ወደ ገመዱ መንሸራተት ጀመረች።

አንዲት ሴት ጮኸች። ሰው ወደኋላ ተገፋፋ። የሹፌሩ ሁለንተና «ሳባት! ከሰዉ አርቃት!» አለው። አውራ ጣቱ ወደ ግራ ሊሄድ ተነሣ።

ያዘው። ዘንጉን ወደ ቀኝ ገፋ፤ ወደ ሰዉ።

ያየው ሁሉ ሰዉ ላይ የለቀቃት መሰለው። ሄሊኮፕተሯ ግን የወረደው ጎኗ ከሥሩ እንደ ተደገፈ ቀና አለ። መንሸራተቷ ቆመ። ከገመዱ ሃያ እርምጃ ላይ አየር ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመች፤ አፍንጫዋም ወደ እሱ ነበር። ነፋሱ ደግሞ መታት፤ እሱም ደግሞ ደገፋት። ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ አመጣትና ከእግሩ ፊት አሳረፋት። ከኳሶቹ አንዱ እንኳ አልተሰነጠቀም።

ክንፏ መሽከርከሩን ሳያቆም እልልታው ቀለጠ። ሴትዮዋ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሰዎች ገመዱን አልፈው ገብተው ትከሻቸው ላይ አወጡት፤ ሚስቱ ከታች «ቀስ! ሽማግሌ ነው እኮ!» እያለች ትስቃለች። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ጭነት በደህና ሲያደርስ አንድ ሰው አጨብጭቦለት አያውቅም። ያን ቀን ከተማው በሙሉ አጨበጨበለት። ኃላፊዋም ወረቀቷን አጥፋ «ነፋሱ ሲመታት ጀማሪው እንዴት እንዳቃናት በዓይኔ አይቻለሁ። ሜዳው ይቆያል» አለች።

መምህር ሽብሩ ይህን ተናግረው ወደ ወንድይፍራው ዞሩ።

«አየህ፣ ማራኪ ትንሽ ሳለች ከፊት ከፊትህ ነበር የምትሄደው። አንተ የምታየውን ታያለች፤ ቀኝህም ቀኟ ነበር። አሁን አደገችና ዞራ ፊት ለፊት አየችህ። አንተ ተበላሸች ብለህ ሽቦዋን ትፈትሻለህ፤ ዘመድ ትሰበስባለህ። አልተበላሸችም። የድሮ እጅህ ነው እየጣላት ያለው።»

«ታዲያ ወደ ብየዳው ልግፋት፣ የኔታ?»

«ሹፌሩም ሄሊኮፕተሯ ሰዉ ላይ እንድትሄድ አልፈለገም፤ ያቃናት ግን በዚያው በኩል ሄዶ ነው። አንተም እሷ ባዘነበለችበት በኩል ሂድ። ነገ ጠዋት ወደምትማርበት ቦታ ሂድና የሠራሽውን አሳዪኝ በላት። የብረቱን መጋጠሚያ በእጅህ ዳስሰው። ዓይኗን ከብልጭታው የሚከልል ደህና መነጽር ከሌላት ይዘህላት ሂድ። ቀና ስትል ታያታለህ። ልጅ ከአባቷ ጋር ስለ መንገዷ መነጋገር የምትችለው ቀና ብላ ስትቆም ነው፤ አንተም ያን ጊዜ ፊቷን በደንብ ታየዋለህ፣ ወንድይፍራው። ሲያዩት ደስ የሚል ፊት ነው።»