ውሃ የሚለካ ክርን

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ አባ ይመር፣ መዲና ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ። «ሥራዋ በአንድ ፍል ውሃ ቤት ለገላ ታጣቢ ገንዳ ማዘጋጀት ነበር።»

መዲና ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ የልጅቱን እግር የመደቡ ጠርዝ እንዳይፍቀው በእጇ ከለለችው። ወደ ሽማግሌው ያመጣት ነገር ይህ ነው፤ እሑድ የሰፈሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሐይቅ ዳር ሊውሉ ተነጋግረዋል፣ እሷ ግን ከአሁኑ እንቅልፍ አጥታለች። መኪናው ቢገለበጥስ፣ ውሃው ልጅቱን ቢወስዳትስ፣ ምግቡ በሙቀት ቢበላሽስ። ጎረቤቷ ዘይነባ፣ መዲናን ይዞ ሽርሽር መውጣት ትራፊክ ፖሊስ ጭኖ እንደ መሄድ ነው ብላ ሴቶቹን ሁሉ አስቃባታለች። እንግዲህ የሰው ቀን ከማበላሽ ልቅር ወይስ ይህን ፍርሃት የማባርርበት ነገር ይኖራል፣ ብላ ነው የጠየቀቻቸው።

አባ ይመር ስለ እሑድ ምንም አላሉም። ስለ ሴትዮዋ ቀጠሉ።

ሴትዮዋ በሥራዋ የተመሰገነች ነበረች። አንድ ሰው ታጥቦ በወጣ ቁጥር ገንዳውን በበረኪና ፈትጋ፣ አለቅልቃ፣ አንዲት ፀጉር እንኳ ሳታስቀር ነው ለሚቀጥለው የምታስረክበው። ከዚያ ሁለቱን ቧንቧዎች ትከፍታለች። አንደኛው ከምድር ሥር እየፈላ የሚመጣው ነው፤ ሌላው ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር የሚወርደው ቀዝቃዛ። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ አንጓዋ ትነክርና ጥቂት ቆይታ፣ «ለብ ብሏል፣ ይግቡ» ትላለች። ሙቀት መለኪያ የሚባል ዕቃ በቤቱ አልነበረም። መለኪያው የእሷ እጅ ነው። ባለሥልጣኑም ገበሬውም ያቺን ቃል ሲሰማ ልብሱን ያወልቃል። እንዲህ ስትል አሥራ አራት ዓመት ሞላት።

አልፎ አልፎ ከውስጥ፣ ኧረ ዛሬስ ያቃጥላል የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። እሷም በሩ ሥር ቆማ ትስቃለች። ፍል ውሃ ብለው መጥተው በረዶ ሊጠብቁ ኖሯል፣ ትላለች። ታጣቢውም ይስቃል። መጀመሪያ አንድ እግሩን፣ ቆይቶ ሁለተኛውን፣ ቀስ እያለ ይለምደዋል። ትልቅ ሰው መውጫውን ያውቃል፤ ካቃጠለው ይወጣል።

አንድ የበዓል ዋዜማ ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከተራ ጠባቂዎቹ መካከል ወንድ ልጇን ያቀፈች አንዲት እናት ነበረች። ከወለደች ወዲህ ገላዋን ዘና ብላ ታጥባ አታውቅም፤ ሁልጊዜ እየተጣደፈች፣ አንድ ጆሮዋን ልጁ ላይ ጥላ ነው የምትታጠበው። ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ልረፍ ብላ በአውቶቡስ ረጅም መንገድ መጥታለች። ተራዋ ደረሰ። ሴትዮዋ እጇን ነክራ አወጣች።

«ለብ ብሏል፣ ግቢ እህቴ።»

እናትየዋ አልገባችም። አንገቷን ደፍታ፣ ቅር አይበልሽና እኔም ልንካው አለች።

ሴትዮዋን ቅር አላት እንጂ። በአሥራ አራት ዓመት እጇን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም፤ ይቺ ደግሞ ምን አይታብኝ ነው አለች በልቧ። ከተራ ጠባቂዎቹ አንዱ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ የጣለ ሰው፣ ውሃውን ልትታጠብበት ነው ልትቀምሰው አለ። አንዲት አሮጊት ደግሞ፣ እኛ ስምንት ስናሳድግ እንዲህ ያለ መንሰፍሰፍ አላየንም አሉ። ሰዉ ሳቀ። የእናትየዋ ፊት ቀላ። ከሰው ዓይን ለመዳን ብላ ቶሎ ቶሎ የልጁን ልብስ አወለቀች፤ በብብቱ ይዛ እግሩን ወደ ውሃው ዝቅ ማድረግ ጀመረች። ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ግን መልሳ ወደ ደረቷ ሳበችውና ክርኗን ነከረች።

ወዲያው ክርኗን መንጭቃ አወጣችው። ክርኗ በርበሬ መስሏል።

ሴትዮዋ አላመነችም። ቆዳሽ ስስ ሆኖ ነው አለቻትና ዘወር ብላ ያቺን አሮጊት ጠራቻቸው፤ ይንኩልኝና ይመስክሩ ብላ። አሮጊቷ ጣታቸውን ነከር አድርገው አወጡና አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄ የዶሮ ላባ መንጫ ውሃ ነው።»

አሁን የሳቀ የለም። ሴትዮዋ እጇን እንደገና ነከረችው። ለብ ያለ ነው። ቆየች፣ አሁንም ለብ ያለ ነው። አውጥታ አየችው። እጇ እስከ አንጓዋ ቀልቷል፣ ለእሷ ግን አልነገራትም። መቼ እንደ ሞተባት ልታስታውስ ሞከረች፤ ቀኑን አጣችው። በረኪናውና ፍል ውሃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወስደውባት ኖሯል። ሥራዋን በደንብ በሠራች ቁጥር እጇ እየራቃት ሄዷል። ያቃጥላል ሲሏት የሳቀችባቸው ሰዎች አንድ በአንድ መጡባት።

አፏ ግን ማመካኛ አዘጋጅቶ ነበር። ለበዓል ሰው በዝቶ የታንከሩ ውሃ አንሷል፣ ቀዝቃዛው ቀጥኖ ነው የሚወርደው፤ ይህን ብትል ሁሉም ያምናታል፣ ውሸትም አይደለም። እውነቱን ብታወጣ ደግሞ እንጀራዋ ነው። እጇ ካልሰራ ማን ያሠራታል። እንዲህ እያሰበች ሳለ የልጁን እግር አየች፤ ከእናቱ ክንድ ሥር ተንጠልጥሎ ይወራጫል፣ ተረከዙ ገና መሬት ያልረገጠ።

«እጄ ሙቀት አይሰማውም» አለች፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጋ። «ከዛሬ ጀምሮ ራሱ ሳይነካ የሚገባ የለም።»

ከዚያ ከገንዳው ግማሹን አፈሰሰች፣ ቀዝቃዛውን ለቀቀች፣ የእናትየዋን ክርን ይዛ ራሷ ወደ ውሃው ወሰደችው። አሁንስ አለቻት። ገና ነው አለች። ጨመረችበት። አሁንስ። ገና። በሦስተኛው እናትየዋ ደህና ሆነ አለች።

እዚህ ላይ አባ ይመር ትንፋሽ ሲወስዱ መዲና ጣልቃ ገባች። ዓይኗ በርቷል። ያቺ እናት ልክ ነበረቻ፣ የሳቁባት ናቸው የተሳሳቱት፣ አለችና በዘይነባ ቤት በኩል አየት አደረገች።

«አልጨረስኩም» አሏት።

እናትየዋ ደህና ሆነ አለች፣ ግን አልገባችም። እንደገና ክርኗን ነከረች። ደህና ነው። የሙቁን ቧንቧ ጠበቅ አድርጋ ሞከረችው፤ ተዘግቷል። ወለሉ ያንሸራትት እንደሆነ በእግሯ ፈተገችው፤ አያንሸራትትም። አሁንም ክርኗን ነከረች። ውጪ ተራ ጠባቂው ቆሟል። ልጁ ራቁቱን እንደሆነ ነው፤ ከንፈሩ መጥቆር ጀመረ፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ከቃጠሎ ያተረፈችውን ልጅ ብርድ ሊወስድባት ነው።

ሴትዮዋ በሩን ልትዘጋላት መጥታ ይህን አየች። አልተቆጣችም። ከእሷ ወዲያ ያቺን ክርን ያመነ ሰው የለምና የመናገር መብት ነበራት።

«እህቴ» አለቻት፣ «ያቃጥላል ሲልሽ ክርንሽን አመንሽው። እኔም አመንኩት፣ እንጀራዬን አስይዤ። አሁን ደህና ነው እያለሽ ነው። ምነው፣ አሁን ዋሸ?»

እናትየዋ ልብሷን ጥላ ልጁን አቅፋ ገባች። ልጁ በመጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ ውሃውን በመዳፉ ይመታው ጀመር። እሷም አንድ እጇን ከልጁ ጀርባ ሥር እንዳደረገች አንገቷን ገንዳው ጠርዝ ላይ አሳረፈችው። ዓይኗን ለመጨፈን ፈራች፤ ግን አንገቷ አርፏል።

አባ ይመር ወደ መዲና ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ፍርሃት ማባረሪያ ነው የጠየቅሽኝ። እኔ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልሰጥሽም። እሱን ያባረርሽ ቀን የዚያችን ሴት እጅ ሆንሽ ማለት ነው፤ እየተቃጠለ ለብ ብሏል የሚል። ዘይነባም ትሳቅ። በሳቅ የተቀቀለ ሰው የለም። ያንቺ በሽታ ሌላ ነው። ፍርሃትሽ ተጠንቀቂ ሲልሽ እውነተኛ ነው ትያለሽ፣ በቃ ደህና ነው ሲልሽ ግን ውሸታም ታደርጊዋለሽ። አንድ ምስክር ነው፤ ወይ ሁለቱንም እመኚው ወይ ሁለቱንም ተዪው። እሑድ ሂጂ። ሾፌሩን እይው፣ ሐይቁ የማይጠልቅበትን ቦታ ጠይቂ፣ ምግቡን ቅመሺ። አይሆንም ካለሽ ልጅሽን አዝለሽ ተመለሺ፣ ማንም ቢስቅ። ደህና ነው ካለሽ ግን ግቢ። ውሃው ለብ ካለ በኋላ ቆመሽ ልጅቱን ብርድ አታስመቺያት።»