ስምንት ቁና፥ አራት አሞሌ

፦ ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

፦ በረቱ ተዘጋ ወይ?

፦ ተዘግቷል!

፦ እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ፥ እንደ ተነገረኝ እነግራችኋለሁ።

በድሮ ዘመን፥ ገንዘቡ ጨው በነበረበት ጊዜ፥ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። አገሯ ከዘጠኝ ወንዝ ማዶ፥ ማር የሚበዛበት ደጋ ነው። ጨው ግን የለበትም። ስለዚህ በትርንጎ አገር አንድ አሞሌ ትልቅ ነገር ነው። አሞሌ ታውቃላችሁ? እንደ ሳንቃ የተጠረበ የጨው ድንጋይ ነው። በእሷ አገር በአንድ አሞሌ ሙክት ይገዛል። የከበረ እንግዳ ሲመጣ አሞሌው ከተጠቀለለበት ይፈታና አንዴ እንዲልሰው ይሰጡታል። ሁለቴ የላሰ ባለጌ ይባላል።

ባሏ መሸሻ ሲራራ ነጋዴ ነበርና ጨው በር ወደምትባል ከተማ ይዟት መጣ። ጨው በር የሰው አገር ናት። ንጉሧ ሌላ፥ ገበያዋም ሌላ። ከበረሃው አፋፍ ላይ ናትና ጨው የጫኑ ግመሎች ከታች ሲወጡ መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያ ነው። መጤዎቹ ነጋዴዎች ለብቻቸው ሰፈር ሠርተው ይኖራሉ። ሚስቶቻቸው ገበያ አይወጡም፤ ነውር ነው ይላሉ። እህሉ በመኸር አንዴ ይሸመትና ጎተራ ይገባል። ከዚያም እስከ ዓመቱ ዋጋ የሚጠይቅ የለም።

መሸሻ ለንግድ ሩቅ አገር ሲሄድ ትርንጎ ቤቱን የምታጸዳላት ሴት ፈለገች። የአገሩ ሽማግሌ አባ ኑርዬም ሐዋን አመጡላት። ሐዋ ባሏ የሞተባት፥ አሮጊት እናቷን የምትጦር ሴት ናት። ከዋርካው ሥር ተቀመጡና ተዋዋሉ። አባ ኑርዬ እንዲህ አሉ፦

«በወር አራት አሞሌ። አራት አሞሌ ስምንት ቁና ማሽላ ይሸምታል፤ ስምንት ቁና ደግሞ ሁለት ነፍስ ያኖራል። ተስማማችሁ?»

ሁለቱም፦ «ተስማማን» አሉ።

ትርንጎ ግን ጆሮዋ የያዘው «አራት አሞሌ» የሚለውን ብቻ ነበር። በልቧም «አራት ሙክት! እንደኔ ያለ ደግ ማን አለ?» አለች።

ሐዋ ሥራዋን ታውቃለች። ጎህ ሲቀድ ትመጣለች። ግቢውን ትጠርጋለች። ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች፤ ሲደርቅ አንዲት ስንጥቅ አታገኙበትም። ልብሱን ወንዝ ወርዳ በእንዶድ ታጥባለች። እሷ ያጠበችው ኩታ ሲሰጣ የጎረቤት ሚስቶች በቅናት ያዩት ነበር። ደግሞ ነገር አትወድም። ከጠየቋት ትመልሳለች፤ ካልጠየቋት ዝም ነው።

ትርንጎም ወር በሞላ ቁጥር አራት አሞሌዋን ቆጥራ ትሰጣለች። አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። «ቃሌ ቃል ነው» ትላለች። እንዲህ ሆነው አንድ ዓመት ኖሩ።

ከዚያም በበረሃው አዲስ መንገድ ተከፈተና ጨው ጎረፈ። በሳምንት ሠላሳ ግመል ይመጣ የነበረው ሦስት መቶ ሆነ። በዚያው ዓመት ዝናቡ ቀረና ማሽላው አነሰ። ጨው ሲበዛ፥ እህል ሲጠፋ፥ ገበያው ምን እንደሚሆን ገምቱት። ትርንጎ ግን አልገመተችም። ጎተራዋ ሙሉ ነበራ!

ስድስት ወር አለፈ። በስድስተኛው ወር ማብቂያ ሐዋ አራት አሞሌዋን ተቀበለችና እንዲህ አለች፦

«እመት፥ ከሦስት ቀን በኋላ ግመሎቹ ወደ ጨው ሜዳ ይወርዳሉ። እኔም አብሬ እወርዳለሁ። ለጨው ፈላጮቹ አበስላለሁ።»

ትርንጎ ክው አለች። የጨው ሜዳን ወሬ ሰምታለች። ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። ከሚወርዱት ዐሥር ሰዎች ሰባቱ ቢመለሱ ነው።

፦ «ምን በደልኩሽ?»

፦ «ምንም አልበደሉኝም።»

፦ «አሞሌሽን አስቀርቼብሽ አውቃለሁ?»

፦ «አንድም ቀን።»

፦ «ታዲያ?»

፦ «እዚያ የሚከፍሉት በእህል ነው» አለችና ሐዋ መጥረጊያዋን አንሥታ ወጣች።

በነጋታው ትርንጎ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ሐዋ ቤት ሄደች። እናቲቱ ልጃቸውን እንዲያስቀሩላት ልትለምን ነው። ሐዋ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ አልነበረችም። ደጃፉ ላይ አንዲት ፍየል ታስራለች። ትርንጎ ፍየሏን አየችና ደርቃ ቀረች። ፍየሏ አሞሌ ትልሳለች! አንዴ አይደለም፥ ሁለቴ አይደለም፤ ዓይኗን ጨፍና ትልሰዋለች።

፦ «እማማ! ይሄ እኔ የሰጠሁት አሞሌ አይደለም እንዴ?»

የሐዋ እናት ዘይነብ ዓይናቸው ፈዟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው።

፦ «ያንቺው ነው ልጄ። የተሸረፈውን ገበያ አይቀበለንም። ደህናውንም እየተጸየፉ ነው የሚወስዱት። ፍየሏ ግን አትመርጥም።»

፦ «ደመወዟን ለፍየል! በኔ አገር እኮ በዚህ ሙክት ይገዛል!»

አሮጊቷ ከት ብለው ሳቁ።

፦ «እንግዲያስ አገርሽ ውሰጂንና እዚያ እንሸምት። እኛ የምንበላው እዚህ ነው።»

ዘይነብም ከማድጋው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ጠጠር አወጡና መሬት ላይ እየለዩ ደረደሩት።

፦ «ይኸው። አንዱ ጠጠር አንድ ቁና ነው። ጨው ከጎረፈ ወዲህ አራቱ አሞሌ በመጀመሪያው ወር ሰባት ቁና ሸመተ። ቀጥሎ አምስት። ከዚያ አራት፤ ከዚያም አራት። ከዚያ ሦስት። አሁን ሁለት። አባ ኑርዬ ከዋርካው ሥር ምን አሉ? አራት አሞሌ ስምንት ቁና ይሸምታል፥ ስምንት ቁና ሁለት ነፍስ ያኖራል፥ አላሉም? አንቺ የፊተኛውን ይዘሽ ሄድሽ። እኛ በኋለኛው ቀረን።»

እንግዲህ ትርንጎን ያደነቅኋት እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን አልቅሳ አንድ አሞሌ ጨምራ ትሄድ ነበር። ትርንጎ ግን አላለቀሰችም። «ሳላይ አልፈርድም» አለች። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። አራት አሞሌ በጀርባዋ አዝላ፥ አሽከር ሳታስከትል ገበያ ወጣች። ገበያ ስትወጣ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ወገቧ ሊቆረጥ ደረሰ። የማሽላ ነጋዴዋ አየቻትና፦

«መጤዋ! ይህን ሁሉ ድንጋይ ተሸክመሽ፥ ቤት ልትሠሪ ነው?» አለቻት። ገበያተኛው ሳቀ።

፦ «ማሽላ ልሸምት ነው።»

፦ «በዚህ? ሁለት ቁና።»

ሴትዮዋ ቁናውን ሞላችና አናቱን በመዳፏ ጠርጋ አስተካከለችው። አንዲት ፍሬ አላተረፈችም።

፦ «ምርቃቱስ?» አለች ትርንጎ። በአገሯ ሻጭ ከሰፈረ በኋላ አንድ ጭብጥ ይጨምራልና።

፦ «ምርቃት? ምርቃትማ አምና ሞተ። ለቅሶ አልደረስሽም?»

ትርንጎ ሁለቱን ቁና ተሸክማ ተመለሰች። ቤቷም ገብታ ለሁለት ሰው የሚበቃውን የቀን ቀለብ በጣሳ እየለካች ከፈለችው። ለሰባት ቀን ተኩል በቃ። ወሩ ሠላሳ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ምስክር አልፈለገችም።

ወሬ እግር አለውና ጎረቤቷ እመት ወርቂቱ ሰምታ መጣች። እሷም የመጤ ነጋዴ ሚስት ናት።

፦ «ገበያ ወጣሽ አሉ! ምነው እቴ፥ ሰው አለቀብሽ?»

፦ «ዋጋ ለማየት ነው የወጣሁት።»

፦ «ለዚያች ለሐዋ ብለሽ? ጠግባ ነው! እንግዲህ ልትጨምሪላት ነው። አንቺ ስትጨምሪ የእኔዪቱ ነገ ትነሣብኛለች። ገበያውን ልታበላሺብን ነው!»

፦ «አልጨምርም።»

፦ «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ።»

፦ «የጎደለውን ነው የምሞላው።»

ወርቂቱ እጇን አጨበጨበች።

፦ «መሸሻ መጥቶ ጎተራው ጎድሎ ሲያገኘው ምን ልትዪው ነው?»

፦ «ቃላችንን አተረፍኩበት እለዋለሁ።»

ወርቂቱ ቀሚሷን አራግፋ ሄደች። ትርንጎም ጠጠሮቹን በልቧ ደመረች። በመጀመሪያው ወር አንድ ቁና ጎድሏል። በሁለተኛው ሦስት። በሦስተኛውና በአራተኛው አራት አራት። በአምስተኛው አምስት፥ በስድስተኛው ስድስት። ሲደመር ሃያ ሦስት ቁና ሆነ። ጎተራውን አስከፈተችና ሃያ ሦስቱን ሰፍራ በበቅሎ አስጫነች። ቁናውን ግን በእጇ ያዘች።

በነጋታው ፀሐይ ስትወጣ ግመሎቹ ከከተማው በር ተሰልፈዋል። ሐዋ የውኃ ቅሏን ወገቧ ላይ አስራ ከኋላ ቆማለች።

፦ «ሐዋ! ቁሚ!»

፦ «እመት! ምን ሆኑ? ማን ሞተ?»

፦ «ማንም አልሞተም። ሃያ ሦስት ቁና ማሽላ አለብኝ። ይኸው።»

ሐዋ በቅሎዋን አየችና ፊቷን አዞረች።

፦ «ምጽዋት ከሆነ ለነዳያን ይስጡት። እኔ እጄ ደህና ነው።»

፦ «ምጽዋት ቢሆን ተደብቄ ደጃፍሽ ላይ ጥዬው እሄድ ነበር። ሰው ፊት ያመጣሁት ዕዳዬ ስለሆነ ነው። ጠጠሩን እናትሽ ቆጥረውልኛል። ለመሆኑ ለምን አልነገርሽኝም?»

፦ «እርስዎ ‹ቃሌ ቃል ነው› እያሉ ቆጥረው ሲሰጡኝ፥ እኔ ‹ቃልዎ ጎደለ› ልበል?»

፦ «ማለት ነበረብሽ።»

፦ «ይኸው አሁን አልኩ።»

የግመሎቹ መሪ ከፊት ጮኸ፦

«አንቺ ሴት! ትወርጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ? ፀሐዩ እኮ አይጠብቀንም!»

፦ «አንዴ ታገሠኝ!» አለችና ሐዋ ወደ ትርንጎ ተመለሰች። «ይህ ያለፈው ነው። የሚመጣውስ?»

፦ «ስምንት ቁና።»

፦ «አሞሌ ከዚህ ቢረክስም?»

፦ «ቢረክስም ስምንት ቁና።»

፦ «ቢወደድስ?»

ትርንጎ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ቁናውን በእጇ አገላበጠችና መለሰች።

፦ «ቢወደድም ስምንት ቁና ነው። ያን ጊዜ ስምንቱ ቁና በሁለት አሞሌ ከተገኘ፥ ሁለት እንጂ አራት አልሰጥሽም። ከአሁኑ እወቂው።»

ሐዋ ሳቀች። ትርንጎ ሐዋ ስትስቅ ስታይ በዓመት ከስድስት ወር ውስጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

፦ «አሁን አመንኩዎት። ሁሉንም እሺ ቢሉኝ ኖሮ እሄድ ነበር።»

የውኃ ቅሏን ከወገቧ ፈታችና ለግመሎቹ መሪ ሰጠችው።

፦ «እንካ፥ አንተው ጠጣው። እኔ ሥራ አለብኝ።»

ግመሎቹ ወረዱ። ሐዋ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ወደ ከተማ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ቁና በትርንጎ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ወር ሲሞላ ይወርዳል፤ ስምንቴ ይሰፈርበታል፤ ተመልሶ ይሰቀላል። መሸሻም ከንግድ ሲመለስ ጎተራውን አየ፤ ቁናውን አየ፤ ነገሩን ሰማ። «አሞሌ በየገበያው ዋጋው እንደሚለዋወጥ እኔ መንገድ ላይ የግመል ኪራይ ስከፍል ያወቅሁትን፥ አንቺ ቤት ተቀምጠሽ ደረስሽበት» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያም ጎርፍ መጣና አዲሱን የበረሃ መንገድ ይዞት ሄደ። ግመሎቹ ቀሩ። ጨው ጠፋ። ዝናቡም ደህና ነበርና ማሽላው ሞላ። አንድ አሞሌ አራት ቁና ሸመተ። እመት ወርቂቱ ከሰፈሩ ጫፍ እየሮጠች መጣች።

፦ «ትርንጎዬ! እባክሽ ያንን ቁናሽን አውሺኝ! እኔም እንዳንቺ በስምንት ቁና ላድርገው!»

ቁናውን ወሰደችና ሠራተኛዋን ጠራች። ሠራተኛዋም እጇን አጣምራ እንዲህ አለቻት፦

«ምነው እመት፥ ሁለት ዓመት ሙሉ ስራብ ‹ቃል ቃል ነው› ሲሉኝ አልነበረም? አራት አሞሌዬን ይስጡኝ።»

አባ ኑርዬም ተጠርተው ፈረዱ። ወርቂቱ አራት አሞሌዋን ከፈለች፤ ከተማውም ሳምንት ሙሉ ሳቀባት።

ወንዝ ዳር እንዶድ የሚወቅጡት ሴቶች ደግሞ ሐዋን ያዟት።

፦ «ሐዋ ከሰርሽ! እኛ አራት አሞሌ፥ አሥራ ስድስት ቁና! አንቺ ያችኑ ስምንትሽን!»

ሐዋ ልብሱን እያሸች መለሰች፦

«በክፉው ቀን ስምንት በላሁ። በደጉም ቀን ስምንት እበላለሁ። እናንተ በክፉው ቀን ስንት በላችሁ?»

ሴቶቹ ጎንበስ ብለው እንዶዳቸውን መውቀጥ ቀጠሉ።

በዚያ ወር ማብቂያ ትርንጎ ቁናውን ከምሰሶው አወረደችና ሰፈረች። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያለች ስምንት ሞላች። ልትሰቅለው ስትነሣ ሐዋ አልተንቀሳቀሰችም። ያቺ ካልጠየቋት የማትናገረው ሐዋ፥ ማሽላውን እያየች፦

«እመት፥ ምርቃቱስ?» አለች።

፦ «ምርቃት ሞተ ብለውኝ ነበር እኮ!»

፦ «አልሞተም። ታሞ ነው የከረመው።»

ትርንጎም ሳቀችና ሁለት እጇን አንድ ላይ አድርጋ ማሽላ ዘገነች። ከማሽላው አናት ላይም አፈሰሰችው።

እኔም ተረቴን ሰፍሬ ሰጠኋችሁ። እናንተም ዳቦውን ቆርሳችሁ አፌን አብሱልኝ። ምርቃቷን ደግሞ እንዳትረሱ!