ጅብ ሳይሰማ የተባረረበት ፍርድ

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቆላ አገር በወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ንጉሣቸውን አንበሳን ቃል አስገቡት። ቃሉም «ንጉሡ ማንንም እንስሳ፣ በዳኛ ፊት ቀርቦ ሳይሰማ፣ ከወንዙ አያባርርም» የሚል ነበር። ንጉሡ ቃሉን እንዳያፈርስ የምትጠብቀው ዳኛ ደግሞ አህያ ሆና ተመረጠች። ታጋሽ ናት፣ ጆሮዋም ረጅም ነው፣ ሁሉንም ታዳምጣለች ተባለ።

አህያ ሥራዋን ትወደው ነበር። በየጠዋቱ ከወንዙ ዳር ካለ ሾላ ሥር ቆማ፣ የከርከሮና የጃርትን ጠብ ሳይቀር፣ ሁለቱንም ወገን ሰምታ ትፈርዳለች።

በአንድ የድርቅ ዓመት ወንዙ ቀጠነ። አንበሳም የሚዳቋ ግልገል ጠፋች በሚል ሰበብ ጅብን አንድ ቃል ሳያናግር አባረረው። ጅብ እያለከለከ ወደ ሾላው መጣ።

«እመት አህያ፣ እኔ ብዙ ነገር በልቻለሁ፤ አልዋሽም። ያቺን ግን አልበላሁም። ብበላትማ ኖሮ እንዲህ ይርበኝ ነበር? ቃሉ ‹ማንንም› ይላል አሉኝ። ‹ማንም› ሲባል እኔንም ይጨምራል?»

አህያ አሸተተችው። እናቷን የበላት ጅብ ነበር። ያ ጅብ ይኼኛው አይደለም፤ ሽታው ግን ያው ነው።

የንጉሡ ጠበቃ ቀበሮ ጠጋ አለች። «ክብርት ዳኛ፣ ቃሉ የተገባው ለሰላማዊ እንስሳት ነው እንጂ ለጅብ ነው? ደግሞስ ድርቅ ነው። ንጉሡ ‹ጉዳዩ አጣዳፊ ነው› ካሉ፣ መስማቱ ቢቀር ማን ይጎዳል?»

አህያ ቃሉ ግልጽ መሆኑን ታውቃለች። የጅቡን መጠማት ማየት ግን ደስ አላት።

«ንጉሡ ‹ጉዳዩ አጣዳፊ ነው› ካሉ፣ ሳይሰሙም ማባረር ይችላሉ» ብላ ፈረደች።

እንስሳቱ እልል አሉ። ጅብ አንገቱን ደፍቶ ወደ በረሃው ሄደ።

ወር ሳይሞላ አንበሳ ድኩላዎችን አባረረ። ምን እንዳጠፉ የነገራቸው የለም። አህያ እየሮጠች ከዋሻው ደጃፍ ደረሰች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ቃሉን አፍርሰዋል! መጀመሪያ ይሰሙ እንጂ!»

ቀበሮ ሳቀች። «ኧረ እመት አህያ! ንጉሡ ‹ጉዳዩ አጣዳፊ ነው› ብለዋል። እርስዎ የፈረዱትን ነው የፈጸሙት።»

«ያ ለጅብ ነበር!»

«ፍርድዎ ላይ ጅብ የሚል የለም።»

«እንግዲያው ተሳስቻለሁ፤ ፍርዴን አንስቻለሁ!» አለች አህያ። አንበሳ ቀና ብሎም አላያት። በማግስቱ ጦጣዎችን አባረረ፤ ቀጥሎም ጃርትን። ከሾላው ሥር አቤት ለማለት የሚመጣም ጠፋ።

ያን ጊዜ አህያ ጅብን ፍለጋ ወጣች። ሦስት ቀን ተጉዛ፣ በደረቀ ኩሬ ዳር አጥንቱ ገጦ ተኝቶ አገኘችው። ፈርታ ራቅ ብላ ቆመች፤ እሱ ግን ለመነሳት እንኳ አቅም አልነበረውም።

«አያ ጅቦ፣ ይቅር በለኝ። እያወቅሁ በደልኩህ። መሰማት ይገባህ ነበር።»

ጅብ ነገሩ ገባው። ከዚያ ዓይኑ በራ።

«ታዲያ አሁን ልመለስ?»

አህያ ግን ንጉሡ ከእንግዲህ ፍርዷን እንደማይሰማ ታውቃለች። አጠገቡ ተንበርክካ አለቀሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንጠላውን ለመጉዳት ብለን ያጠበብነው መብት ለምንወደውም እንደማይተርፍ፣ ለገዢ የፈታነው ልጓምም በጸጸት ብቻ ተመልሶ እንደማይታሰር ነው።