እውነት የመናገር ልምምድ

ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንዳንድ ቃልም አሳስቼ ይሆናል። አንደኛ ክፍል ግብረ ገብ ማስተማር የጀመርሁበት ዓመት ነበር። የወረዳው ሱፐርቫይዘር አቶ መንበሩ ወደ ክፍሌ ገብተው ጥሩ ነጥብ ካልሰጡኝ በቋሚነት አልቀጠርም። ስለዚህ «እውነት መናገር» የሚለውን ትምህርት እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ከልጆቹ ጋር ደጋግሜ ተለማመድሁት። የት ላይ እንደሚያጨበጭቡ ሳይቀር አስጠናኋቸው።

ችግሩ ልጆቹ ከእኔ በላይ መዘጋጀታቸው ነው። «ጥሩ ዜጋ ምን...» ብዬ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ክፍሉ በሙሉ «እውነት ይናገራል!» ብሎ ጮኸና አጨበጨበ።

አቶ መንበሩ ብዕራቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ከፊት ወንበር የተቀመጠችውን፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጠየቋት።

«ይሄን ትምህርት ዛሬ ገና መማርሽ ነው?»

እውነት ስለመናገር በማስተምርበት ሰዓት እንድትዋሽልኝ በዓይኔ ለመንኋት።

«አይደለም ጋሼ፣ ለእኔ አራተኛዬ ነው» አለች።

«አየሽ፣ መምህርሽ ሊያታልለኝ ነበር! ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ምን አስተማረሽ?»

«እውነት መናገር ነዋ!» አለች። «ቲቸር ባያስተምረን ኖሮ ‹ዛሬ ገና ነው› እልዎት ነበር።»

አቶ መንበሩ ሳቃቸውን በሳል ሸፍነው ነጥቡን ሞሉ። አለፍሁ።

በኋላ የዕለት መዝገቤን ከስም መቆጣጠሪያው ጋር አመሳከርሁ። ትምህርቱ ለክፍሉ አምስተኛ ጊዜ ነበር፤ እሷ አንዱን ቀን ቀርታለች።