ቀኑን ይዞ እጁን የረሳው ገበሬ

ልጆች፣ ተሰብሰቡ። ወሬ ያለው ከደጅ ይጨርስ። ተረት ሲነገር አፍ ይዘጋል፣ ጆሮ ይከፈታል። ከፍታችኋል? መልካም።

በጥንት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር፣ ቢያድግ የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ቢያድግ ከአባቱ የወረሰው አንድ ማሳና አንድ ቃል ነበር። ማሳው ማሽላ ያበቅላል። ቃሉን አባቱ የተናገረው ሊሞት ሲል ነው። "ልጄ፣ ስትዘራ ከሚያዝያ ጊዮርጊስ እንዳታልፍ" አለው።

ቢያድግም አላለፈም። በየዓመቱ በሚያዝያ ጊዮርጊስ ጠዋት ከማሳው መካከል ይንበረከካል። አባቱ ያደርግ እንደነበረው ቀኝ እጁን እስከ አንጓው አፈር ውስጥ ይከታል፤ ያወጣል፤ ግንባሩን ይነካል። ከዚያም ይዘራል። ዝናቡ ይከተላል፤ ማሽላው ሰው የሚውጥ ይሆናል።

አንድ ዓመት ግን ሰማዩ ጠባዩን ለወጠ። ጊዮርጊስ ደረሰ፤ ደመና የለም።

ማንጠግቦሽ ሽቅብ አየችና፣ "አንተ ሰው፣ ሰማዩ እንደ ቁርበት ደርቋል። ጥቂት ብንቆይ ምን አለበት?" አለችው።

"የአባቴን ቃል ልሻር?" አለና ተንበረከከ፤ እጁን ከተተ፤ ግንባሩን ነካ፤ ዘራ። ዝናቡ ሳይመጣ ጉንዳንና ቆቅ ዘሩን ለቅመው ጨረሱት።

ሁለተኛው ዓመት መጣ። ጊዮርጊስ ሲሆን አንዲት ደመና ብቅ ብላ ጥቂት አካፋች።

"አየሽ? አባቴ ያውቅ ነበር!" አለ ቢያድግ።

"ይህ ዝናብ ነው? ሰማዩ አስነጠሰ እንጂ" አለች ማንጠግቦሽ።

እርሱ ግን ተንበረከከ፤ እጁን ከተተ፤ ግንባሩን ነካ፤ ዘራ። ማሽላው ጣት ያህል በቅሎ ቆመ። ከዚያ ፀሐይ አነደደው። ቆይተው የዘሩት ጎረቤቶቹ ጥቂትም ቢሆን አጨዱ፤ የቢያድግ ጎተራ ባዶ ሆነ።

ሦስተኛው ዓመት ሲቃረብ የአገሩ ጭቃ ሹም በበቅሎ መጣ። በዚያ አገር ደንብ፣ ሦስት ክረምት አዝመራ ያልያዘ መሬት ለሌላ ይሰጣል።

"ቢያድግ፣ ደንቡን ታውቃለህ" አለ ጭቃ ሹሙ፣ ከበቅሎው ሳይወርድ። "ዘንድሮ አገዳ ቆሞ ካላየሁ መሬቱን ማረስ ለቻለ እሰጠዋለሁ።"

ጎሹ የሚባለው ጎረቤቱም ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ወንድሜ፣ ዘንድሮስ የምትዘራው ለቆቅ ነው ወይስ ለፀሐይ?" እያለ ተሳለቀበት።

በቤቱ የቀረው ዘር፣ ነቀዝ እንዳይደርስበት ከምድጃው በላይ በጭስ የተሰቀለ አንድ እስር የማሽላ ዛላ ብቻ ነው። ቢያድግ እንቅልፍ አጣ። ወደ ዛላው አንጋጦ፣ "ብዘራው ቢቃጠልስ?" ይላል። ዐይኑን ወደ መሬት ይመልስና፣ "ባልዘራው አባቴ ቢረግመኝስ?" ይላል። ደግሞ ያንጋጥጣል።

የጊዮርጊስ ዕለት ማንጠግቦሽ፣ "አንተ በሬዎቹን ጥመድ፤ ዘሩን እኔ ፈልፍዬ አዘጋጃለሁ" አለችው። ሲመለስ ዛላው የተሰቀለበት ቦታ ባዶ ነው። አቁማዳውን አቀበለችው።

ተንበረከከ፤ እጁን ከተተ፤ ግንባሩን ነካ። ሲዘራ ከእግሩ ሥር አቧራ ቦነነ። ሚያዝያ አለቀ፤ ዝናብ የለም። ግንቦት ተጋመሰ፤ ዝናብ የለም። ቢያድግ በየማለዳው ማሳውን ይዞራል፤ አንዲት ቅጠል እንኳ አያገኝም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓድ አገሩን አናወጠው፤ ዝናቡ ወረደ። አገር በሙሉ ዘር ተሸክሞ ወደ ማሳው ሮጠ። ቢያድግ ግን ደጁ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

"አበቃልኝ! ዘር ሳለ ዝናብ አልነበረ፤ ዝናብ ሲመጣ ዘር የለ!"

ማንጠግቦሽ ወደ ጓዳ ገባች። ከጎታው ውስጥ ያንን እስር ዛላ አውጥታ ከፊቱ አኖረችው።

ቢያድግ ዐይኑን ማመን አቃተው። "ታዲያ የዘራሁት ምንድን ነው?"

"ነቀዝ ቦርቡሮ የጨረሰውን፣ ለዶሮ ያኖርሁትን። አንተ ቃልህን ጠበቅህ፤ እኔም ዘሩን ጠበቅሁ።"

ደስ ሊለው ሲል ፍርሃቱ ቀደመው። "ጊዮርጊስማ ካለፈ ቆየ! የአባቴ እርግማን ይደርስብኛል።"

"እንግዲያስ አባ ድንቁን ጠይቃቸው። ከአባትህ ጋር በሬ ያቀናጁ የነበሩ እርሳቸው ናቸው።"

ቢያድግ በዝናቡ ውስጥ ሮጠ። አባ ድንቁ ደጃቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ነበር። የአባቱን ቃል ሲነግራቸው ሳቁ።

"ልጄ፣ የአያትህ ቀን መጋቢት መድኃኔ ዓለም ነበር። ዝናቡ ሲሸሽ አባትህ ተከተለው፤ ቀኑን ወደ ጊዮርጊስ አሻገረ። አያትህም ተቆጥተው አንድ ክረምት ሙሉ አላናገሩትም።" ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ "አንተስ እጅህን አፈር ውስጥ ስትከት አይሃለሁ። ለምንድን ነው?" አሉት።

"አባቴ ያደርገው ነበር። ጸሎት ነው።"

"ጸሎት! ለጸሎትማ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባትህ እርጥበቱን ሲለካ ነበር። አፈሩ እጁን ካላቀዘቀዘው፣ ከጣቱም ካልተጣበቀ፣ አንዲት ፍሬ አይጥልም ነበር።"

"ግንባሩንስ ለምን ይነካ ነበር?"

"ላቡን ሲጠርግ ነዋ! አይ ቢያድግ፤ ቀኑን ወረስህ፣ እጁን ረሳህ።"

ቢያድግ አፈረ። ወደ ማሳው ሄዶ ተንበረከከ፤ እጁን ከተተ። ያለፉት ሦስት ዓመታት አፈሩ እንደ ትኩስ አመድ ከእጁ ሲረግፍ ትዝ አለው። አፈሩ ነግሮት ነበር፤ እርሱ ነበር ያልሰማ። አሁን ግን እጁ እስከ አንጓው ቀዘቀዘ፤ ጭቃው ጣቶቹን ያዛቸው። ፍርሃቱ ለቀቀው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ አልለቀቀውም። እየፈራ ዘራ።

ክረምቱን ሁሉ እየሰጋ አረመ፤ እየሰጋ ኮተኮተ። መስከረም ጠብቶ ጭቃ ሹሙ ሲመጣ፣ ማሽላው በቅሎዋን ከነጌታዋ ዋጣቸው። ከአገዳው መካከል "ኧረ በየት በኩል ነው መውጫው?" የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። መሬቱም ለቢያድግ ጸና። ጎሹም በሚቀጥለው ሚያዝያ ወደ አጥሩ ተጠግቶ፣ "ወንድሜ፣ ዘንድሮስ መቼ እንዝራ?" ብሎ ጠየቀው፤ የዚያን ዕለት አልሳቀም።

ቢያድግ ሸምግሎ ሊሞት ሲል ልጆቹ ከበቡት። "አባታችን፣ በየትኛው ቀን እንድንዘራ ታዘናለህ?" አሉት።

"ቀን የለኝም" አለ። "እጃችሁን እንዳትረሱ።"

ስለዚህ አበው "ከዝናብ ጋር ያልዞረ ገበሬ፣ ዘር ዘርቶ ያጭዳል ወሬ" አሉ።

እኔ ተረቴን ዘርቻለሁ፤ እርጥብ ልብ ያለው ያብቅል።