ዘፈኑ ከፍ ሲል

አንዲት ሴት ነበረች፤ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ እንደ እናንተው ሥራ ውላ የምትገባ። ባሏ ዘመናዊ ነኝ ባይ ነው። መብራቱንም፣ መጋረጃውንም፣ ሳሎን ያለውን የሙዚቃ ማጫወቻም በኢንተርኔት ከስልኩ ጋር አገናኝቶታል። የትም ሆኖ ስልኩን ነካ ሲያደርግ ቤቱ ይታዘዝለታል። እንግዳ ሲመጣ ይህን እያሳየ ይኩራራ ነበር።

ይህ ሰው ሚስቱን ይደበድባል። ከመምታቱ በፊት ምን ያደርጋል? ዘፈን ይከፍታል። ጩኸቷ እንዳይሰማ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሁልጊዜ ያው አንድ ዘፈን፤ ያውም የሠርግ ዘፈን!

በመጨረሻ ተፋቱ። እርሱ ወጣ፤ እርሷ የበሩን ቁልፍ አስቀየረች። ተመስገን ብላ እንቅልፍ መተኛት ጀመረች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጥ እያማሰለች ሳለ፣ ሰው በሌለበት ሳሎን ያ ዘፈን ተከፈተ። ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። «በስመ አብ!» ብላ ጸበል አምጥታ ማጫወቻው ላይ ረጨች። ዘፈኑ ከፍ አለ። ደግማ ረጨች። ይበልጥ ከፍ አለ። ጋኔን ነው አለች። እናንተ ብትሆኑስ ምን ትሉ ነበር?

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ አልለበሱም።

«ልጄ፣ ተመለሰ እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ባልሽ ነዋ! ዘፈኑን ስሰማ... ዛሬስ አላስችል ብሎኝ መጣሁ።»

ሴትዮዋ ያኔ ገባት። ቁልፉን ቀየረች እንጂ ማጫወቻው አሁንም የሚታዘዘው ለእርሱ ስልክ ነው። ካለበት ሆኖ ሊያስፈራራት ነው። ሄዳ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ቤቱ ጸጥ አለ።

ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «እትዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያውቁ ነበር?»

«በባልና ሚስት መሃል አይገባም ብዬ...» አሉና አለቀሱ።

ምእመናን፣ «ማጫወቻው ልባችን ነው፣ ስልኩን የያዘው ሰይጣን ነው» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔን ዛሬ ያስፈራኝ የእትዬ አስካለ ነገር ነው። ደግ ሴት ናቸው። ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ። ዘፈኑም በግድግዳቸው ያልፍ ነበር።

በእናንተስ ግድግዳ ምን ያልፋል? ከማዶ ድምፅ ከፍ ሲል «የሰው ገመና ነው» ብላችሁ የራሳችሁን ቴሌቪዥን ከፍ ታደርጋላችሁ? ጌታ «ምን ሰማችሁ?» ብሎ የጠየቀን ቀን «ዘፈን ነው የሰማነው» ልንል ነው? እኔ ያን ቀን እፈራዋለሁ። እናንተም ፍሩት።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ብቻችሁን ከፈራችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ብቻ አንኳኩ። እትዬ አስካለም በመጨረሻ አንኳኩ። ያን ቀን ግን በዚያ ቤት የሚመታ ሰው አልነበረም።